ከዝላይ በኋላ ማረፍ፦ ማሟሟቂያ ምን ይለውጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን የሚያሰለጥኑ አንድ አሰልጣኝ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 17 ከሆኑ ተጫዋቾቻቸው ሁለቱ ስፓይክ (ዘሎ ኳስን በኃይል ወደ ተቃራኒ ሜዳ መምታት) መትተው ሲወርዱ ጉልበታቸውን እንደተጎዱ ጽፈዋል። ሜዳቸው ሲሚንቶ ነው። ልምምድ የሚጀምሩት ሦስት ዙር ሮጠው፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው አሥር ደቂቃ ጡንቻ በመሳብ ነው። አንድ ባልደረባቸው “መቀመጡን ትታችሁ እየተንቀሳቀሳችሁ አሟሙቁ፤ የጉልበቱ ነገር ያኔ ያበቃል” ብለዋቸዋል። እውነት ማሟሟቂያ የልጆቹን አስተራረፍ ይለውጣል? ከለወጠስ በስንት ጊዜ? የተጎዱት ሁለቱስ አብረው ይሥሩ?

አሰልጣኝ፣ ባልደረባዎ ግማሹን እውነት ነግረውዎታል። እየተንቀሳቀሱ ማሟሟቅ ተቀምጦ ጡንቻ ከመሳብ ይሻላል። ነገር ግን ጡንቻዋ ስለሞቀ ብቻ አንዲት ልጅ ከዝላይ ስትወርድ ጉልበቷን በተሻለ መንገድ አትይዝም። ጣቶቹን ስላሟሟቀ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረለት ሰው የለም። አስተራረፏ የሚለወጠው በማሟሟቂያው ደቂቃዎች ውስጥ ማረፍን ራሱን ስትለማመድ፣ አንድ ሰው አይቶ ሲያርማት፣ ይህም ለሳምንታት ሳይቋረጥ ሲደጋገም ነው። የሚቀጥለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ጉልበት የሚጎዳበትን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንየው። አሰልጣኞች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስን ነው፤ ተጫዋቾች ኤሲኤል የሚሉት። ይህ ጅማት በጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር ያያይዛል፤ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። ከአሥር ጉዳት ሰባት ያህሉ የሚደርሰው ሌላ ተጫዋች ጉልበቷን ሳይነካት ነው፤ ከዝላይ ስትወርድ፣ በድንገት ስትቆም ወይም አቅጣጫ ስትቀይር። በ2010 ኮጋ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የእጅ ኳስና የቅርጫት ኳስ ሴት ተጫዋቾች ላይ የደረሱ 10 ጉዳቶችን በተለያዩ ካሜራዎች ከተቀረጸ ምስል ላይ እየቆራረጡ መረመሩ። ጅማቱ የሚበጠሰው እግር መሬት ከነካ በኋላ በ40 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ እንደሆነ ገመቱ። በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ ብዙም ሳይታጠፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቅልጥሙም ይጠማዘዛል።

40 ሚሊሰከንድ የአንድ ሰከንድ ሃያ አምስተኛ ክፍል ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ፣ አስቦና ወስኖ ለመንቀሳቀስ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እግሯ መሬት ከነካ በኋላ ልጅቷ ጉልበቷን “ልያዝ” ብትል አትደርስም። ጡንቻዎቹ ገና አየር ላይ ሳለች ተወጥረው መጠበቅ አለባቸው። በተለይ የኋላ ጭን ጡንቻዎች ቅልጥሙን ወደ ኋላ ስለሚስቡ ጅማቱን ያግዙታል፤ የፊት ጭን ጡንቻ ግን ጉልበቱ ቀጥ ባለበት ሰዓት ብቻውን ሲጎትት ቅልጥሙን ወደ ፊት ገፍቶ ጅማቱን ያስጨንቀዋል። በዴንማርክ በከፍተኛ ደረጃ በሚጫወቱ የእጅ ኳስና የእግር ኳስ ሴቶች ላይ የተሠራና በ2008 የታተመ ጥናት፣ የሚዛንና የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ልምምድ ከሠሩ በኋላ የውስጠኛው የኋላ ጭን ጡንቻ እግር መሬት ከመንካቱ በፊት ይበልጥ መሥራት እንደጀመረ አሳይቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዓመቱ ያሳተሙት ደግሞ የተገላቢጦሹን አሳየ። 55 ጤነኛ ተጫዋቾችን ለክተው ሲከታተሉ 5ቱ ጅማታቸው ተበጠሰ፤ እነዚህ 5ቱ አስቀድሞ በተወሰደው ልኬት እግራቸው መሬት ከመንካቱ በፊት የኋላ ጭን ጡንቻቸው ሥራ ደከም ያለ፣ የፊተኛው ደግሞ የበረታ ነበር። ይህ ቀድሞ የመወጠር ልማድ በልምምድ የሚገነባ ነው። በሦስት ዙር ሩጫ አይመጣም።

ሴቶች ላይ ለምን እንደሚበዛም ልጨምር፤ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁዎታልና መልስ ሊኖርዎት ይገባል። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ሴቶች በተመሳሳይ የጨዋታ ሰዓት ከወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ ይህ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ልዩነቱ የሚሰፋው ከጉርምስና በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ አጥንት ይረዝማል፣ ክብደት ይጨምራል። ወንዶች ልጆች ከቁመታቸው ጋር ጡንቻቸውም በፍጥነት ይጠነክራል፤ በልጃገረዶች ላይ ያ ጭማሪ ያነሰ ነው። ውጤቱም ብዙ ልጃገረዶች ቀጥ ብለው፣ በፊት ጭናቸው ተደግፈው፣ ጉልበታቸውም ወደ ውስጥ እየገባ ማረፍን መልመዳቸው ነው። ይህ የጾታ እርግማን አይደለም። አቅም ገና ሳይደርስ ሰውነት ስለቀደመ የተፈጠረ ክፍተት ነው፤ በልምምድ ይሞላል። የእርስዎ ተጫዋቾች ልክ ክፍተቱ በሰፋበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

ቲሞቲ ሂዊት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ ብዙ ይጠቀሳል። የእግር ኳስ፣ የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ሴት ስፖርተኞችን፣ በድምሩ 205፣ ከሣጥን ላይ አውርደው ሲያርፉ ለኩ። በኋላ ጅማታቸው የተበጠሰባቸው 9ኙ ሲያርፉ ጉልበታቸው ከሌሎቹ በ8 ዲግሪ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ መሬቱን የሚመቱበት ኃይልም በ20 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰልጣኝ “ጉልበቷ የሚገባውን ልጅ ለይተን እናውጣ” ወደሚል ሐሳብ ሄዷል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። በ2016 በኖርዌይ ከ700 በላይ የእጅ ኳስና የእግር ኳስ ሴት ተጫዋቾችን ተከታትሎ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ይህ የማረፍ ፈተና ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ለመለየት እንደማይበቃ አሳይቷል። ጉልበቷ እየገባ ዘመኗን ሁሉ በሰላም የምትጫወት አለች፤ ቆንጆ አርፋ የምትጎዳም አለች። የአስተራረፍ ምልከታ ለማስተማር እንጂ ለመምረጥ አይሆንም። ልምምዱን ሁሉም ይሥሩት።

ተቀምጦ ጡንቻ መሳቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንዱን ጡንቻ በአንድ ጊዜም ሆነ በድምር ከ60 ሰከንድ በላይ ይዞ መሳብ ወዲያው ከዚያ በኋላ የሚታየውን ኃይል በጥቂት በመቶ ይቀንሳል፤ ከዚያ ያነሰው ግን ጉዳቱ ኢምንት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አሥሩ ደቂቃ መሄዱ፣ የሮጡበት ሙቀትም ተቀምጠው ሳለ መውረዱ። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ደጋ ከተማ ጠዋት በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ ይህን ያባብሰዋል። መሳብ የሚወዱ ካሉ ከልምምድ በኋላ ይሥሩት።

ተንቀሳቃሽ ማሟሟቂያስ በዚያው ቀን አስተራረፍ ላይ ምን ያመጣል? ጡንቻ ሲሞቅ ፈጥኖና በርትቶ ይሠራል፤ ዝላዩ ከፍ ይላል። አስተራረፉን በተመለከተ ግን ከአንድ ቀን ማሟሟቂያ በፊትና በኋላ የተለኩ ልዩነቶች ትንንሽና እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ናቸው። እንዲያውም ልብ በሉ፤ ልጅቷ ከፍ ብላ ከዘለለች ከከፍታ ነው የምትወርደው። ማረፍን ካልተማረች ጥሩ ማሟሟቂያ ብቻውን ይበልጥ በኃይል እንድትወድቅ ያደርጋታል።

የረጅሙን ጊዜ ነገር ከኖርዌይ የሴቶች እጅ ኳስ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። ግሬተ ሚክሌቡስት የተባሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሦስቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች የሚጫወቱ ቡድኖችን ለሦስት የውድድር ዘመናት ተከታተሉ። ምንም ባልተነካበት በ1998/99 የውድድር ዘመን 29 የኤሲኤል ጉዳት ተመዘገበ። በቀጣዩ ዘመን ለቡድኖቹ የሚዛን፣ የመዝለልና የማረፍ ልምምድ ተሰጣቸውና ጉዳቱ 23 ሆነ። በሦስተኛው ዘመን ልምምዱን የሚከታተል ፊዚዮቴራፒስት ለየቡድኑ ተመደበ፤ ጉዳቱ ወደ 17 ወረደ። በአጠቃላይ ድምሩ ላይ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ አሳማኝ ደረጃ አልደረሰም፤ ልምምዱን በትክክል በጨረሱ የከፍተኛው ዲቪዚዮን ተጫዋቾች ላይ ግን ደርሷል። እኔን የሚያስገርመኝ የተከተለው ነው። ጥናቱ አልቆ ባለሙያዎቹ ሲሄዱ ልምምዱ ላላ፤ ጉዳቱም ተመልሶ ወጣ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ቅስቀሳና ሥልጠና ሲደረግ እንደገና ወረደ። እንቅስቃሴዎቹ ሲቀያየሩ አልነበረም ቁጥሩ የወጣውና የወረደው። ቆሞ የሚያይ ሰው ሲኖርና ሲጠፋ ነው።

በእርስዎ ስፖርትም ማስረጃ አለ። በ1997 ሮአልድ ባርና ባልደረቦቻቸው በኖርዌይ መረብ ኳስ ውስጥ ከመረቡ ሥር መነሳትንና ማረፍን፣ በብሎክም (የተቃራኒን ምት መረቡ ላይ ዘሎ መከልከል) ሆነ በማጥቃት ላይ፣ ከሚዛን ልምምድ ጋር ሲያስተምሩ የቁርጭምጭሚት ወለምታ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህን የማነሳው በመረብ ኳስ ከኤሲኤል ይልቅ ቁርጭምጭሚትና ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት በብዛት ስለሚጎዱ ነው። አንዱ የማረፍ ልምምድ ለሁሉም ያገለግላል።

ስዊድኖች በ2012 ያወጡት ጥናት ለትምህርት ቤት ቡድን ይበልጥ ቅርብ ነው። ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 4,564 ልጃገረድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ተሳትፈዋል፤ ግማሾቹ ክለቦች በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ስኳት (ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት)፣ ላንጅ (አንድ እግር ወደ ፊት ረግጦ ዝቅ ማለት)፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ የዳሌ ማንሻና የማረፍ ልምምድ በማሟሟቂያቸው ውስጥ ሠሩ። የኤሲኤል ጉዳት መጠን በ64 በመቶ አነሰ። ቁጥሩ ግን 7 እና 14 ነበር፤ ማለትም ጉዳቱ ራሱ ብዙ ጊዜ የማይደርስ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ልዩነቱን ለዓመታት በዓይንዎ ላያዩት ይችላሉ። ይህን አስቀድመው ካላወቁ “ምንም አልለወጠም” ብለው ይተዉታል፤ ብዙዎች የሚተዉት እንዲህ ነው። ኖርዌይ ውስጥም “11” የሚባለው የመጀመሪያው የፊፋ ማሟሟቂያ በልጃገረዶች ላይ ሲሞከር ምንም ውጤት አላሳየም፤ ቡድኖቹ በበቂ መጠን አልሠሩትም ነበርና። ተሻሽሎ የተከተለው “11 ሲደመር” ግን ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጃገረዶች ላይ በጠቅላላው ጉዳትን በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጉዳትን ደግሞ ወደ ግማሽ ቀነሰ።

ታዲያ በልምምዱ በአካል ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ጉልበትን ብቻ ያያል። በአሜሪካ በሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተሠራና በ2006 የታተመ ጥናት ከአንድ የውድድር ዘመን ልምምድ በኋላ የተለወጠው ዳሌ እንደሆነ አገኘ፤ ጭን ወደ ውስጥ መዞሩ ቀነሰ፣ ወደ ውጭ መከፈቱ ጨመረ፤ የጉልበቱ ማዕዘን ግን ብዙ አልተቀየረም። ሌላ ጥናት ገና ጉርምስና ያልደረሱ ልጆች ላይ “11 ሲደመር” በሁለት እግር ሲያርፉ ጉልበትን ወደ ውስጥ የሚገፋው ኃይል እንደቀነሰ አሳየ። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ጉልበት የሚገዛው ከላይ ከዳሌና ከመቀመጫ ጡንቻ፣ ከታች ከእግር ነው። ልጆቹም ቀድመው ቢጀምሩ ይሻላል፤ ትምህርት ቤትዎ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ቡድን ካለው ከነሱ ይጀምሩ።

ጊዜውን ጠይቀዋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከሠሩ በስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ አስተራረፋቸው ሲለወጥ ማየት ይጀምራሉ። መልመድና መያዝ ግን ይለያያሉ። ወጣት እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ጥናት ሦስት ወር የሠሩትም ዘጠኝ ወር የሠሩትም ተሻሽለው ነበር፤ ልምምዱ ከቆመ ከሦስት ወር በኋላ ሲለኩ ግን መሻሻሉን ይዘው የተገኙት ዘጠኝ ወር የሠሩት ናቸው። የትምህርት ዘመኑን ሙሉ ይሥሩት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሜዳዎ። ገንዘብ የሚጠይቅ ምንም የለም። መጀመሪያ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ በሩጫ ያሳልፉ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ጎን ለጎን፣ ጉልበት ከፍ እያደረጉ፣ እየተራመዱ በላንጅ። ከዚያ ጥንካሬው ይግባ፤ ስኳት፣ በአንድ እግር ቆሞ ጓደኛዋ በቀስታ ስትገፋት ሚዛን መጠበቅ፣ ፕላንክ፣ እንዲሁም ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛላት ተንበርክካ ቀስ እያለች ወደ ፊት የምትወርድበት ለኋላ ጭን የሚሆነው ልምምድ። ቀሪው የማረፍ ነው፤ ከሁሉም ቢቆርጡ ይህን አይቁረጡ።

ማረፉን ከቀላሉ ይጀምሩ። ቆመው ዘለው በሁለት እግር ይረፉና ሦስት ሰከንድ ሳይነቃነቁ ይቁሙ። መቆሙ ዋና ነው፤ በደንብ ያላረፈችው እዚያ ላይ ትታወቃለች። ሲመቻቸው ወደ ጎን ይዝለሉ፣ ከዚያ በአንድ እግር፣ ከዚያ በአጥቂ ርምጃ ያለ ኳስ፣ በመጨረሻም በኳስ። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ቡድኖች ያቆማሉ፤ ያለ ኳስ የሚያምረው አስተራረፍ ዓይኗ ኳስ ላይ ሲሆን ይፈርሳልና መጨረሻውን አይዝለሉት። በቀኝ እጇ የምትመታ አጥቂ ኳሱ በጭንቅላቷ በኩል ወደ ግራ ሲያልፍባት ሰውነቷ ይጋደልና በግራ እግሯ ብቻ ትወርዳለች። ስለዚህ በግራ እግር ማረፍን ይበልጥ ያለማምዷቸው፤ የአቀባይዋ ኳስ መስተካከልም የጉልበት ጥበቃ ነው። ቁጥሩ አይብዛ፤ ከአምስት እስከ ስምንት ዝላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል፣ በተለይ በሲሚንቶ ላይ። ልጅቷ ደክሟት መልኩ ሲበላሽ ያቁሟት፤ የተበላሸውን መድገም የተበላሸውን ማስተማር ነው።

ሲያዩ ከፊት ቆመው ጉልበቷ ከእግር ጣቶቿ ጋር አንድ መስመር ላይ መሆኑን፣ ሁለቱ እግሮቿ እኩል መንካታቸውን ይዩ። ከጎን ደግሞ ጉልበቷና ዳሌዋ አብረው መታጠፋቸውን፣ ደረቷ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበሉን። በስልክ ከሁለቱም አቅጣጫ ቀርጸው ለራሷ ያሳዩአት፤ የራሷን ጉልበት ስታይ ከአሥር ማብራሪያ ይበልጣል። ስልኩ የማይበቃ ከሆነ ጥንድ ጥንድ አድርገው አንዷ ሌላዋን ታርም። ቃል ሲመርጡም ስለ አካል ክፍል ብዙ አያውሩ። “የኋላ ጭንሽን ወጥሪ” ከማለት “ድምፅ ሳታሰሚ ውረጂ” ማለት የበለጠ ይሠራል። የአስተራረፏን ድምፅ እንድታዳምጥ የተነገራት ልጅ መሬቱን የምትመታበት ኃይል እንደሚቀንስ ተለክቷል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ድምፁን አይደብቅም።

በውድድር ቀን ይህን ሁሉ አይሠሩም። ሩጫው፣ ጥቂት ዝላይ፣ ከዚያ ኳስ ይበቃል። ተቀያሪዎቹን ግን አይርሷቸው። ወንድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ጥናት በዕረፍት ሰዓት ዝም ብለው የተቀመጡት የጡንቻቸው ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ወርዶ ነበር። ሁለት የጨዋታ ዙር ሙሉ ተቀምጣ በሦስተኛው የምትገባ ልጅ ከመግባቷ በፊት ከመስመር ውጪ ትንቀሳቀስ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘላ ትረፍ።

ስለ ሁለቱ ልጆች፦ ማሟሟቂያ ሕክምና አይደለም፤ እዚህ ላይ በጣም ጥንቃቄ ያድርጉ። ስትጎዳ ጉልበቷ ውስጥ “ጧ” ያለ ስሜት ተሰምቷት ከነበረ፣ በሰዓታት ውስጥ አብጦ ከነበረ፣ ወይም አሁንም ስትዞር ጉልበቷ የሚከዳት ከሆነ፣ የአጥንትና መገጣጠሚያ ሐኪም በእጁ ፈትሾ እስኪያያት ድረስ አትዝለል። ሕመሙ ቢጠፋና እብጠቱ ቢወርድም ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆነም ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ውድድር እንዳይመልሷት፤ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በቆየች በእያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳት ዕድሏ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ ክትትል ታይቷል። ቤተሰቧ ቢቸኩልም፣ ውድድሩ ቢደርስም። ሕመሟ ግን ከጉልበት ሎሚ በታች ሆኖ ቀስ በቀስ የመጣና በዝላይ ብዛት የሚብስ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሷ የሩጫውንና የጥንካሬውን ክፍል ከነገ ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር ትሥራ፤ የዝላዩን ቁጥር ቀንሰው፣ በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ካልጨመረ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩላት።